«በጀት» ምንድን ነው? ከቆዳ ከረጢት እስከ ትሪሊዮን ብር

ሰኔ ሲገባ ዜናው ሁሉ በጀት በጀት ይሸታል። የሚኒስትሮች ምክር ቤት ተወያየበት፣ ለተወካዮች ምክር ቤት ተመራ፣ ጸደቀ። ለ2018 በጀት ዓመት የጸደቀው የፌዴራል መንግሥት በጀት 1.93 ትሪሊዮን ብር ነው። ይህን የሰማ ሰው የሚጠይቀው ይታወቃል። አንዱ «ይህ ሁሉ ብር የት ነው ያለው?» ይላል። ሌላው «ይህን ያህል ካላቸው የእኛን ሰፈር መንገድ ምነው ረሱት?» ይላል።

ሁለቱም ደግ ጥያቄ ነው። ግን ሁለቱም ጠያቂዎች በጀትን የሚያዩት አንድ ቦታ እንደተቀመጠ ብር ነው። እንዲህ የሚያስበው ሰው ብዙ ነው፤ አያስገርምም፤ ዜናውም የሚነገረው ብሩ ካዝና እንደገባ ተደርጎ ነው። በጀት ግን ገንዘብ አይደለም። ገና የሚሰበሰብ ገንዘብ ለምን ለምን ሊወጣ እንደሚችል አስቀድሞ የሚሰጥ ፈቃድ ነው። ይህ ከገባን የቀረው ሁሉ ይቀላል።

ቃሉ ከእንግሊዝኛ ወጥቶ ዓለምን ያዳረሰ ነው። ወደ እንግሊዝኛም የገባው ከሌላ ነው። ታሪኩን ትንሽ እንከተለው፤ ምክንያቱም ፖለቲካው ያለው እዚያ ውስጥ ነው።

ቃሉ ከየት መጣ?

መነሻው ቆዳ ነው። ዛሬ ፈረንሳይ የምንላት አገር ውስጥ፣ ሮማውያን ከመምጣታቸው በፊት፣ ጎሎች የሚባሉ ሕዝቦች ይኖሩ ነበር። ለቆዳ ከረጢት የሚሆን ቃል ነበራቸው። ሮማውያን ወሰዱትና በላቲን «ቡልጋ» አሉት። ከሸዋው ቡልጋ ጋር የሚያገናኘው ድምፁ ብቻ ነው። በጥንቱ ፈረንሳይኛ ቡልጋ «ቡዥ» ሆነ፤ ትንሿ ከረጢት ደግሞ «ቡዤት» ተባለች። እንግሊዞች በ15ኛው ክፍለ ዘመን ያችን ትንሽ ከረጢት ከነስሟ ተቀበሏት። «ባጀት» ያኔ በጎን የሚንጠለጠል፣ ወረቀትና ሳንቲም የሚያዝበት የቆዳ ቦርሳ ማለት ነበር።

ዘመዶቹ ዛሬም አሉ። እንግሊዝኛ አንድ ነገር ወጣ ብሎ ሲያብጥ «በልጅ» ይለዋል፤ ያውም ከቡልጋ የመጣ ነው፤ የሞላ ከረጢት እንደሚነፋው። በአይሪሽኛ «ቦልግ» ሆድም ከረጢትም ነው። በድሮ የእንግሊዝ መኳንንት ጋሻ ላይ የሚሳል አንድ ምልክትም አለ፤ «የውኃ ቡጄት» ይባላል። ሁለት የቆዳ ከረጢቶች ከአንድ እንጨት ግራና ቀኝ ተንጠልጥለዋል። ወታደር በትከሻው ወይም በፈረስ ጀርባ ውኃ ያመላልስበት የነበረው ዕቃ ነው። የዛሬውን ትሪሊዮን የሚሸከመው ቃል ድሮ ውኃ ይሸከም ነበር።

ከረጢቱ እንዴት የመንግሥት ሒሳብ ሆነ?

በሁለት እርምጃ ነው።

የመጀመሪያው እርምጃ ከመያዣው ወደ ተያዘው መሸጋገር ነው። ከ16ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ እንግሊዞች «ባጀት» ሲሉ ከረጢቱን ትተው ውስጡ ያለውን ማለት ጀመሩ። «የወሬ ባጀት» ሲሉ አንድ መልእክተኛ ይዞት የመጣው የደብዳቤና የወሬ ጥቅል ማለታቸው ነው። በእኛም ኮሮጆ እንዲሁ ሆኗል። ኮሮጆ ዕቃ መያዣ ነበር፤ ዛሬ ግን «ኮሮጆ» ሲባል ሰው ሁሉ የሚያስበው ምርጫንና የድምፅ ወረቀትን ነው።

ሁለተኛው እርምጃ ፖለቲካ ነው። ይህኛው ዓመተ ምሕረት አለው፤ እ.ኤ.አ. 1733።

በዚያ ዓመት እንግሊዝን በተግባር የሚመራው ሮበርት ዋልፖል ነበር። ብዙ የታሪክ ጸሐፊዎች የአገሪቱ የመጀመሪያ ጠቅላይ ሚኒስትር ይሉታል። ዋልፖል በትምባሆና በወይን ጠጅ ላይ የሚጣለው ቀረጥ የሚሰበሰብበትን መንገድ ሊለውጥ አሰበ። ቀረጡ ወደብ ላይ ከመከፈል ይልቅ አገር ውስጥ፣ ከመጋዘን ሲወጣ እንዲከፈል ነበር ሐሳቡ። ዓላማው ኮንትሮባንድን መግታት ነበር። ሕዝቡ ግን ሌላ ነገር ታየው፤ የቀረጥ ሠራተኛ ሱቁንና ጓዳውን ሲፈትሽ። አገር ታመሰ። ተቃዋሚዎቹ «ባጀቱ ተከፈተ» የሚል ርዕስ ያለው በራሪ ጽሑፍ በተኑ። በጽሑፉ ዋልፖል በየገበያው እየዞረ «ይህ መድኃኒት የማይፈውሰው በሽታ የለም» በሚል አጭበርባሪ መድኃኒተኛ ተመሰለ። ባጀቱ የዚያ ሰው ከረጢት ነው። ሲከፈት የሚወጡት ብልቃጦች የዋልፖል ዕቅዶች ናቸው።

ዋልፖል ረቂቅ ሕጉን በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ ለመተው ተገደደ። ፌዙ ግን ቃሉን አስቀረው። ከዚያ ወዲህ የገንዘብ ሚኒስትሩ የዓመቱን ሒሳብ ለፓርላማ ሲያቀርብ «ባጀቱን ከፈተ» ማለት ተለመደ። በስድብ የጀመረው በሥርዓት ቃልነት ቀረ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል። ቃሉ የተወለደው ከ«መክፈት» ጋር ነው። ፓርላማ ፊት የማይከፈት የንጉሥ ካዝና በየአገሩ ነበር፤ በጀት ግን አይባልም ነበር። በጀት የሚባለው ሕዝብ ወይም ተወካዩ አይቶ፣ ተከራክሮ፣ እሺ ወይም እምቢ የሚለው ሒሳብ ነው። እኔ በግሌ ከቃሉ ታሪክ ሁሉ ትልቁ ቁም ነገር ይህ ይመስለኛል።

እንግሊዞች ከረጢቱን ጨርሰው አልጣሉትም። ግላድስተን የተባለው የገንዘብ ሚኒስትር፣ ኋላም ጠቅላይ ሚኒስትር፣ እ.ኤ.አ. በ1860 አካባቢ የተሠራች ቀይ ቆዳ የለበሰች የእንጨት ሣጥን ነበረችው። ከእሱ በኋላ የመጡት ሚኒስትሮች፣ ከጥቂቶቹ በቀር፣ የበጀት ንግግራቸውን በዚያችው ሣጥን ይዘው ይሄዱ ነበር። ከቢሯቸው በር ላይ ቆመው ለፎቶ ከፍ አድርገው ያሳዩዋታል። እ.ኤ.አ. በ2010 እርጅና ሲጫናት አረፈች። አሁን የሚያዘው ተተኪዋ ነው። ግላድስተን ራሱ እ.ኤ.አ. በ1853 ያቀረበው የበጀት ንግግር አራት ሰዓት ከአርባ አምስት ደቂቃ ፈጅቷል።

ፈረንሳዮችስ? የገዛ ከረጢታቸው ሌላ ትርጉም ይዞ ሲመጣ መልሰው ተቀበሉት። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አካባቢ «ባጀት»ን ከእንግሊዝኛ ተውሰው የመንግሥት ሒሳብ መጠሪያ አደረጉት።

ዛሬ እንግሊዝኛ ተናጋሪ «ባጀት» ሲል ምን ማለቱ ነው?

ብዙ ነገር። የሚበዛው ዕቅድ ነው፤ የአንድ ቤተሰብ፣ ድርጅት ወይም መንግሥት ገቢና ወጪ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ። ከዚያ ቀጥሎ መጠን ነው። አሜሪካ ቤት ሊከራይ የሄደ ሰው ደላላው «ባጀትህ ስንት ነው?» ይለዋል። ዕቅድህን አሳየኝ ማለቱ አይደለም፤ እስከ ስንት ትከፍላለህ ማለቱ ነው።

ሦስተኛው ለጆሯችን ትንሽ እንግዳ ነው። ቃሉ ከስም ፊት ሲቀመጥ «በዋጋ ቀለል ያለ» ማለት ይሆናል። ባጀት ሆቴል፣ ባጀት ስልክ፣ ባጀት አየር መንገድ። ነጋዴዎች ወደዱት፤ «ርካሽ» ሲሉ ጥራት የጎደለው ይመስላል፤ ይህኛው ግን ገዢውን አስቦ የሚገዛ ሰው ያስመስለዋል። እ.ኤ.አ. በ1958 ሎስ አንጀለስ ውስጥ የተቋቋመው የመኪና አከራይም ስሙን ከዚሁ ነው ያወጣው። «ሎው ባጀት ፊልም» ግን ይለያል። በጥቂት ወጪ የተሠራ ማለት ነው እንጂ ትኬቱ ርካሽ ማለት አይደለም።

ሌላም አለ። በአሜሪካ የጋዜጣ ቤቶች አዘጋጆች ጠዋት ተሰብስበው «የዛሬው ባጀት» ሲሉ በቀጣዩ እትም የሚወጡ ዘገባዎችን ዝርዝር ማለታቸው ነው። ያ አሮጌው «የወሬ ባጀት» በዚህ መልኩ ይኖራል። የአየር ንብረት ሳይንቲስቶች ደግሞ «የካርቦን ባጀት» ይላሉ። የምድር ሙቀት ከተወሰነ ልክ እንዳያልፍ ዓለም ገና ሊለቀው የሚችለው የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠን ነው። ይህ አጠቃቀም የቃሉን ልብ ያሳያል። እዚያ ምንም ብር የለም። ያለው ወሰን ነው፤ እስከዚህ ድረስ ትችላለህ፣ ከዚያ በላይ አትችልም።

አሜሪካ ውስጥ በጀት ካልጸደቀ መንግሥት ለምን ይዘጋል?

አሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን ይህን ጥያቄ በየጊዜው ያነሳሉ። እዚያ ብዙ ሰው የሚስተው አንድ ነገር አለ። ፕሬዚዳንቱ በየዓመቱ የሚያቀርበው «ባጀት» ሕግ አይደለም፤ ሐሳብ ነው። ፕሬዚዳንቱ አንድ ወጥ በጀት አዘጋጅቶ እንዲያቀርብ ያዘዘው ሕግ ራሱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1921 ነው። ገንዘብ እንዲወጣ የሚፈቅደው ኮንግረስ ነው። የአገሪቱ በጀት ዓመት ኦክቶበር 1 ይጀምራል። እስከዚያ ኮንግረስ ፈቃዱን ካልሰጠ፣ ያልተፈቀደ ገንዘብ ማውጣት በሕግ የተከለከለ ስለሆነ፣ ብዙ መሥሪያ ቤት ይዘጋል። ካዝናው ባዶ ሆኖ አይደለም። የሌለው ፈቃዱ ነው።

እ.ኤ.አ. ከ2018 መጨረሻ እስከ 2019 መጀመሪያ መዘጋቱ 35 ቀን ቆየ። በ2025 ከኦክቶበር 1 ጀምሮ ደግሞ 43 ቀን። በዚህ ጊዜ የኤርፖርት ፈታሾች ያለ ደመወዝ ይሠሩ ነበር።

እስራኤል ሌላ መንገድ አላት። በጀት ዓመቱ ከገባ በኋላ በሦስት ወር ውስጥ ክኔሴት የሚባለው ፓርላማዋ በጀቱን ካላጸደቀ ራሱ ይበተናል፤ አገር ወደ ምርጫ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ2020 ዲሴምበር ክኔሴት የፈረሰው በበጀት ጉዳይ ነው። አዲሱ በጀት እስኪጸድቅ መንግሥት በየወሩ ካለፈው በጀት አንድ አሥራ ሁለተኛውን እያወጣ ይቆያል፤ ስለዚህ ቢሮ አይዘጋም።

በአማርኛስ ቃሉ እንዴት ነው የሚሠራው?

በጀት አማርኛ ውስጥ ከገባ በኋላ ባዕድነቱ ጠፍቷል። ግስም አበጅቶለታል፤ «ለፕሮጀክቱ ይህን ያህል ብር ተበጅቷል» ይባላል። ከ«ይበጃል» ወይም ከ«እንዴት ባጃችሁ» የመጣ የሚመስለው ሰው ቢኖር አይፈረድበትም። መመሳሰሉ ግን የድምፅ ነው።

መንገድ ላይ ደግሞ በጀት ገንዘቡ ራሱ ሆኗል። ወጣቱ ቡና እንጠጣ ሲሉት «በጀት የለኝም» ይላል። «በጀቴ አይፈቅድም» ይላል ሌላው። ይህ አነጋገር ምንም ስሕተት የለበትም፤ ቋንቋ እንዲህ ነው የሚያድገው። ችግሩ የሚመጣው ይህንኑ ትርጉም ይዘን የመንግሥትን በጀት ስንሰማ ነው።

የሚያደናግር ሌላ ነገር የዓመቱ ስም ነው። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ገብቶ ሰኔ 30 ይወጣል። ስለዚህ «የ2018 በጀት ዓመት» የጀመረው ሐምሌ 1 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው፤ አዲስ ዓመት ሳይገባ። ሐምሌና ነሐሴ በሚዘገብ ዜና ላይ «በያዝነው 2018 በጀት ዓመት» ሲባል ጋዜጠኛው ተሳስቶ አይደለም።

የሐሳቡ ታሪክም አገር ውስጥ ቅርብ አይደለም። በ1923 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት 55 አንቀጾች ነበሩት። የመጨረሻው አንቀጽ የመንግሥት ገቢ በዓመታዊ በጀት መሠረት ብቻ እንዲወጣ ይደነግግ ነበር። የመጨረሻው ቃል የንጉሠ ነገሥቱ ነበር፤ ቢሆንም ወጪ አስቀድሞ ይጻፍ የሚለው ሐሳብ ያኔ በሕግ ገብቷል።

አሁን በጀቱን ማን ያወጣል፣ ማን ያጸድቃል?

በ1987ቱ ሕገ መንግሥት የሚኒስትሮች ምክር ቤት የፌዴራሉን ዓመታዊ በጀት ያዘጋጃል፤ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸድቃል፤ ከጸደቀ በኋላ ሥራ ላይ የሚያውለው ያው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ነው።

ወረቀቱ ግን የሚጀምረው ከታች ነው። ገንዘብ ሚኒስቴር ለየመሥሪያ ቤቱ ጣሪያ ይልካል፤ «ከዚህ በላይ አትጠይቁ» እንደማለት ነው። መሥሪያ ቤቶቹ ዕቅዳቸውን አያይዘው ይጠይቃሉ። ከጠየቁት የሚቆረጠው ይቆረጣል። ተሰብስቦ ወደ ሚኒስትሮች ምክር ቤት፣ ከዚያ ሰኔ አካባቢ ወደ ፓርላማ ይሄዳል። ለክልሎች የሚሰጠው ድጎማ የሚከፋፈልበትን ቀመር የሚወስነው ደግሞ የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። ክልሎች ድጎማውን ከራሳቸው ገቢ ጋር ደምረው የራሳቸውን በጀት በየምክር ቤታቸው ያጸድቃሉ። ወረዳም እንዲሁ። ስለዚህ «የኛ ሰፈር መንገድ» በየትኛው በጀት ውስጥ እንዳለ ማወቅ ያስፈልጋል። ብዙ ጊዜ የውስጥ ለውስጥ መንገድ የከተማው ወይም የወረዳው ጉዳይ ነው፤ በፌዴራሉ ትሪሊዮን ውስጥ ቢፈለግ አይገኝም።

ጸደቀ ማለት ገንዘቡ ተገኘ ማለት ነው?

አይደለም። በምሳሌ እንየው። የ2017ን በጀት እመርጣለሁ፤ ብዙ ነገር የሚያሳይ ዓመት ነው።

በሰኔ 2016 ማብቂያ የጸደቀው 971.2 ቢሊዮን ብር ነበር። ከዚህ ውስጥ 451.3 ቢሊዮኑ ለመደበኛ ወጪ ነው። መደበኛ የሚባለው በየዓመቱ የሚደጋገመው ነው፤ ደመወዝ፣ ነዳጅ፣ የቢሮ ዕቃ፣ የዕዳ ክፍያ። 283.2 ቢሊዮኑ ለካፒታል ወጪ ነው፤ መንገድ፣ ግድብ፣ ሕንፃ፣ ማሽን፤ ዓመቱ ካለፈ በኋላም ቆሞ የሚታይ ነገር። 222.7 ቢሊዮኑ የክልሎች ድጎማ ነው። ቀሪው 14 ቢሊዮን ለዘላቂ የልማት ግቦች ማስፈጸሚያ ነው።

አሁን ዋናው ነገር ይመጣል። ከዚህ ውስጥ 358.5 ቢሊዮን ብሩ ጉድለት ነበር። ማለትም መንግሥት በዓመቱ ከታክስም ከሌላውም አገኛለሁ ብሎ ከገመተው ገቢ በላይ የታቀደ ወጪ። በጀቱ ሲጸድቅ ከመቶ 37 ያህሉ ገና በብድር የሚፈለግ ነበር። የቀረውም ቢሆን ካዝና ውስጥ አልነበረም፤ በዓመቱ ውስጥ ከደመወዝተኛው፣ ከነጋዴው፣ ከጉምሩክ በየወሩ የሚሰበሰብ ነው። ግብሩ ከታሰበው በታች ቢገባ በጀቱ ወረቀት ላይ እንዳለ ሆኖ ሥራው ይጓተታል። የተጀመረ ሕንፃ ሦስት ዓመት ብረቱ አናቱ ላይ ቆሞ የምናየው አንዱ ምክንያት ይህ ነው። በጀት ተይዞለታል፤ ገንዘብ አልተለቀቀለትም። መያዝና መለቀቅ የተለያዩ ናቸው።

ከዚያ ሌላ ነገር ተፈጠረ። በጀት ዓመቱ ሦስት ሳምንት እንደሆነው፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016፣ የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። የብር ዋጋ በአንድ ጊዜ ወረደ። በዶላር የሚከፈለው ዕዳ፣ ነዳጁ፣ ማዳበሪያው፣ መድኃኒቱ በብር ሲሰላ ናረ። የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝም መነካት ነበረበት። ሰኔ ላይ የተጻፈው ቁጥር ሐምሌ ላይ አረጀ። በኅዳር 2017 ፓርላማው 582 ቢሊዮን ብር ያህል ተጨማሪ በጀት አጸደቀ። ድምሩ 1.55 ትሪሊዮን አለፈ።

ስለዚህ ለ2018 የጸደቀው 1.93 ትሪሊዮን ከ971 ቢሊዮኑ አጠገብ ቢቀመጥ «መንግሥት በአንድ ዓመት እጥፍ ሀብታም ሆነ» ያሰኛል። ትክክለኛው ንጽጽር ከ1.55 ትሪሊዮኑ ጋር ነው። እሱም ቢሆን ብሩ የመግዛት አቅሙ የቀነሰ ብር መሆኑን መርሳት አይገባም። የቁጥሩ ማደግና የሚሠራው ሥራ ማደግ ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም። ርዕሰ ዜናዎቻችን ይህን ቢያስረዱ ደስ ይለኛል፤ ብዙዎቹ ቁጥሩን ብቻ ጥለውልን ይሄዳሉ።

ሰኔ ላይ መሥሪያ ቤቱ ሁሉ ለምን ይሯሯጣል?

የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሠራ ሰው ይህን አይረሳውም። ሰኔ አጋማሽ ላይ የግዢ ክፍሉ በር አይዘጋም። አንዱ ሦስት ፕሮፎርማ ይዞ ይገባል፤ ሌላው ማኅተም ፈልጎ ኮሪደር ላይ ይንከራተታል። ዓመቱን ሙሉ «የለም» ሲባል የነበረ የፕሪንተር ቀለም በካርቶን ይመጣል። ሲለመን የኖረ ሥልጠና አዳማ ወይም ቢሾፍቱ ላይ በአንድ ሳምንት ውስጥ ይዘጋጃል።

ምክንያቱ ፈቃዱ ጊዜ ያለው መሆኑ ነው። ሰኔ 30 በጀቱ ይዘጋል። ያልተሠራበት ለመጪው ዓመት አይሻገርም፤ ተመላሽ ይሆናል። ሐምሌ ላይ የሚጀመረው በአዲስ ፈቃድ ነው። የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎች ደግሞ «ዘንድሮ ካልጨረስን ለከርሞ ይቀንሱብናል» ብለው ይሰጋሉ።

ፈቃዱ ጊዜ ብቻ ሳይሆን ስፍራም አለው። እያንዳንዱ ወጪ የሒሳብ መደብ የሚባል ኮድ አለው። የቋሚ ሠራተኛ ደመወዝ 6111 ነው። ነዳጅና ቅባት 6217። ውሎ አበል 6231። ሒሳብ ክፍል ገብታችሁ «ገንዘብ እያለ ለምን አይከፈለኝም?» ስትሉ፣ የሒሳብ ባለሙያዋ «ያለው በ17 ነው፤ በ31 አልቋል» ብትላችሁ የምትላችሁ ይህን ነው። ለነዳጅ የተፈቀደ ለአበል አይወጣም። ማዛወር ይቻላል፤ ግን ደብዳቤ ተጽፎ፣ ሥልጣን ያለው አካል ፈቅዶ ነው። የበጀት ዝውውር ይሉታል።

ይህ ጥብቅነት አሰልቺ ነው፤ አውቃለሁ። አምቡላንስ ነዳጅ አጥቶ ሲቆም፣ በሌላ መደብ ብር ተኝቶ ሲታይ ያናድዳል። ቢሆንም ያለ መደብ የሚሠራ መሥሪያ ቤት ቢኖር የመድኃኒት መግዣው ለመኪና ጎማ ሲውል የሚይዘው አይኖርም። ምክር ቤቱ የፈቀደው መድኃኒት እንዲገዛበት ነውና።

ገንዘቡ በተባለበት መዋሉን ማን ያያል?

ዓመቱ ከተዘጋ በኋላ ዋና ኦዲተር ይመጣል። ሕገ መንግሥቱ በፌዴራል መሥሪያ ቤቶች የተደረገውን ወጪ መርምሮ ለተወካዮች ምክር ቤት እንዲያቀርብ ያዘዋል። የሪፖርቱ ዜና ብዙውን ጊዜ የሚሰማው በግንቦትና በሰኔ ነው፤ የሚናገረውም ስላለፈው በጀት ዓመት ነው። ስለዚህ አዲሱ በጀት በሚጸድቅበት ሰሞን ስለ አሮጌው በጀት ጉድለት እንሰማለን። ሁለቱ በአንድ ሳምንት ዜና ውስጥ ሲገቡ ይምታታሉ፤ ዓመቱን አይቶ መለየት ነው።

የኦዲት ዜና ላይ የሚደጋገሙ ቃላት አሉ። «ከተፈቀደው በላይ የወጣ» ማለት ፈቃዱን ያለፈ ወጪ ነው። «ያልተወራረደ» ማለት ገንዘቡ ወጥቶ፣ ለምን እንደዋለ ደረሰኝ ያልቀረበበት ነው። «ሥራ ላይ ያልዋለ በጀት» ደግሞ ተፈቅዶ ያልተሠራበት ነው። የመጨረሻው ብዙ ሰውን ይገርመዋል፤ «ቆጠቡ እንጂ ምን አጠፉ?» ይላል። ግን የተፈቀደው ገንዘብ ሥራ አለበት። ለጤና ጣቢያ ማስፋፊያ የተያዘ ብር ሳይነካ ሰኔ 30 ከደረሰ ጤና ጣቢያው አልሰፋም ማለት ነው። በየዓመቱ ሪፖርቱ ላይ ይህ እንደ ግኝት የሚመዘገበው ለዚህ ነው።

ተራው ሰው ከዚህ ሁሉ ምን ሊያይ ይችላል? ከሚያስበው በላይ። የወረዳ ፋይናንስ ጽሕፈት ቤቶች የወረዳውን በጀት ለሕዝብ በሚገባ ቋንቋ አዘጋጅተው በማስታወቂያ ሰሌዳ እንዲለጥፉ የሚያደርግ አሠራር በአገሪቱ ከተጀመረ ቆይቷል። ለትምህርት ይህን ያህል፣ ለውኃ ይህን ያህል፣ ለመንገድ ይህን ያህል ተብሎ በሠንጠረዥ ይወጣል። አንዳንድ ቦታ ወረቀቱ ፀሐይ ነጥቶታል፤ አንዳንድ ቦታም ጨርሶ አልተለጠፈም። ካልተለጠፈ መጠየቅ ይቻላል። ከተለጠፈ ደግሞ ሦስት ነገር ይታያል፤ የየትኛው ዓመት ነው፣ ለካፒታል ስንት ተያዘ፣ ካለፈው ዓመት ከተያዘው ስንቱ ሥራ ላይ ዋለ። የሰፈሩ መንገድ ጉዳይ ያለው በሦስተኛው ነው።